በገዛ እጅ ስለሚሠራው የኮምፒዩተር ሠሌዳ

የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው ዕቃው ራሱ በአገልግሎት ላይ የሚቈይበት ዘመን ነው፤ ሁለተኛውም ዕቃውን የመሥራት ዕውቀት በሰዎች እጅ የሚኖርበት ዘመን ነው። ማረሻ ቢሰበር ብረት ሠሪ ስላለ ሌላ ማረሻ ይወጣል፤ ሸማ ቢያልቅም ሸማኔ ስላለ ሌላ ሸማ ይሸመናል። ዕውቀቱ ከጠፋ ግን የመጨረሻው ዕቃ በተሰበረበት ቀን ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ስለዚህ ሰው ባለጸጋ የሚባለው ዕቃ ስላለው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለማደስና እንደገና ለመሥራት ሲችል ነው።

ይህ እውነት በማረሻና በሸማ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ከወጡት መኪናዎች ሁሉ እጅግ ረቂቅ በሆነው በኮምፒዩተርም ላይ ይታያል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1975 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ለቤት አገልግሎት የተሠሩት ኮምፒዩተሮች ዛሬ አርጅተዋል፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከሠሯቸው ኩባንያዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ መለዋወጫቸውም ከገበያ እየጠፋ ሄዷል። ሆኖም በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አያሌ ሰዎች እነዚህን አሮጌ መኪናዎች ከመጣል ይልቅ በገዛ እጃቸው እየጠገኑ ያኖሯቸዋል፤ የጐደለውንም ክፍል በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል። በዚህም ሥራ ውስጥ ዋናው ነገር የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበት ሠሌዳ፣ በተለምዶ ሰርኪዩት ቦርድ የሚባለው ነው።

ይህ ሠሌዳ ከመታወቁ በፊት የራዲዮና የሌላውም የኤሌክትሪክ ዕቃ የውስጥ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በሽቦ ነበር። ሠራተኞች እያንዳንዱን ሽቦ እየቈረጡ፣ ጫፉን እየላጡ፣ በቈርቈሮና በእርሳስ ቅልቅል እየበየዱ ያገጣጥሙት ነበር። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ አንድ ሽቦ ያለ ቦታው የገባ እንደ ሆነም መኪናው በሙሉ እንቢ ይላል። በ1907 በቪየና ከተማ የተወለደውና የማተሚያ ሥራንም የሚያውቀው መሐንዲስ ፓውል አይስለር በ1936 ወደ እንግሊዝ አገር ከሄደ በኋላ ሌላ መንገድ አሰበ። መጽሐፍ በማተሚያ ቤት እንደሚታተም የኤሌክትሪክም መንገድ በመዳብ ላይ ቢታተም፣ ከመንገዱ ውጭ ያለውም መዳብ በመድኃኒት ቢበላ፣ የሽቦው ድካም ሁሉ እንደሚቀር ተመለከተ። በዚሁም ዘዴ ራዲዮ ሠርቶ አሳየ፤ በ1943ም ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ወደ ዒላማው ሲቀርብ ራሱ የሚፈነዳውን የመድፍ ጥይት ሲሠሩ በታተመ መስመር ተጠቀሙ፤ በ1948ም ዘዴው ለንግድ ሥራ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ራዲዮም ቢሆን፣ ቴሌቪዥንም ቢሆን፣ ኮምፒዩተርም ቢሆን ያለዚህ ሠሌዳ የሚሠራ የለም ለማለት ይቻላል።

የቤት ኮምፒዩተር ታሪክም ከዚህ ሠሌዳ የሚለይ አይደለም። በጥር ወር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የሚባለውን ተገጣጣሚ ኮምፒዩተር ለአንባቢዎቹ አሳወቀ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሰው የአውቶሞቢል ማኖሪያ ቤት ውስጥ ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለው ማኅበር ተሰበሰበ። ከአባሎቹ አንዱ የነበረው ስቲቭ ዎዝኒያክ 25 ዶላር በሚሸጠው 6502 በተባለው ቺፕ አንድ ኮምፒዩተር ነደፈ፤ ንድፉንም ለማኅበሩ ሰዎች በነጻ ያድል ነበር። ከጓደኛው ከስቲቭ ጆብስ ጋር ንግድ ሲያስቡም በመጀመሪያ ሊሸጡት የፈለጉት የተሟላ ኮምፒዩተር ሳይሆን ባዶውን ሠሌዳ ነበር፤ ገዢው ራሱ ክፍሎቹን ፈልጎ እንዲበይድበት ማለት ነው። በ1976 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም የተሸጠው አፕል አንድ የተባለው ኮምፒዩተር ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው። የተሠራው 200 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ወዳዶች ያንኑ ሠሌዳ እንደገና እየሠሩ አምሳያውን ያቆማሉ።

ነገር ግን ሠሌዳን በገዛ እጅ መሥራት ለአንድ ሕዝብ ምን ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የዩጎዝላቪያ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር የነበረው ሕግ ዋጋው ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነ ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ ይከለክል ስለ ነበር፣ የውጭ አገር ኮምፒዩተር በግልጽ ገዝቶ ለማስገባት አስቸጋሪ ነበር። በ1983 በጋ ቮያ አንቶኒች የተባለው መሐንዲስ ሪሳን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ለዕረፍት ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር አሰበ። ኮምፒዩተርን ውድ ከሚያደርጉት ክፍሎች አንዱ በቴሌቪዥን ላይ ጽሕፈቱን የሚያሳየው ክፍል ነበር፤ አንቶኒች ግን ይህን ክፍል ትቶ ሥራውን ራሱ ዋናው ቺፕ፣ ዜድ 80 የተባለው፣ እንዲሠራው አደረገ። በዚህም ምክንያት ዋጋው ቀነሰ፤ ሠሌዳውም ቀለለ።

ይህ ኮምፒዩተር ጋላክሲያ ተባለ። በ1983 መጨረሻ ጋላክሲያ የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ ቤት ኮምፒዩተሮች ባወጣው ልዩ ዕትም፣ በአዘጋጁ በደያን ሪስታኖቪች ትጋት፣ የኮምፒዩተሩ ንድፍ በሙሉ ለሕዝብ ተገለጠ። ሠሌዳው መስመሩ በአንድ ወገን ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ተነድፎ ነበር። መስመር ከመስመር ጋር ሊቋረጥ በሚገባው ቦታም በሌላው ወገን አጫጭር ሽቦ እንደ ድልድይ ይደረግ ነበር። ይህም በርካሽ እንዲሠራና ጥቂት ዕቃ ያለው ሰው እንኳ በቤቱ ሊሠራው እንዲችል ረድቷል። ከ8 ሺሕ በላይ የሆኑ ሰዎች ተገጣጣሚውን ዕቃ ለማግኘት ጠየቁ። የቤልግሬድ ራዲዮም በዞራን ሞድሊ አቅራቢነት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን በድምፅ ያስተላልፍ ነበር፤ አድማጮችም በካሴት ቀድተው ወደ ኮምፒዩተራቸው ያስገቡት ነበር። በኋላም ከ1991 ጀምሮ አገሪቱ ተከፋፈለች። ዩጎዝላቪያ የሚባለው መንግሥት ዛሬ የለም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ንድፉ በወረቀት ላይ ታትሞ ስለ ቀረ፣ ሠሌዳውም በእጅ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ፣ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ አዲስ የሚሠሩት ሰዎች አሉ። መንግሥት አልፎ መኪናው መቅረቱ የሚያስደንቅ አይደለምን?

አሁንም በዘመናችን ለሚደርሰው ችግር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በ1982 የወጣውና በሚሊዮን የሚቈጠር የተሸጠው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር፣ ሲነሣ የሚያነበውን ትእዛዝ የሚጠብቁ 24 እግር ያላቸው ቺፖች አሉት። ኮሞዶር ኩባንያ በ1994 ስለ ከሰረ እነዚህን ቺፖች ዛሬ የሚሠራ የለም። ቺፑ ሲሞት መኪናው ባዶ መስኮት ብቻ ያሳያል። በምትኩ ሊገባ የሚችለውና ዛሬም የሚገኘው የማስታወሻ ቺፕ 28 እግር ያለው ሲሆን፣ አንዳንዶቹ እግሮቹም ቦታቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሆኖ እያንዳንዱን እግር ወደሚገባው ስፍራ የሚመራ ትንሽ ሠሌዳ ያስፈልጋል። ስፋቱ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ ይህ ሠሌዳ ካለ መኪናው ይነሣል፤ ከሌለ ግን ደኅና የሆነው ሌላው አካሉ ሁሉ ከጥራጊ ጋር ይጣላል።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥሬው ሠሌዳ ከብርጭቆ ክርና ከሙጫ የተጋገረ ሲሆን ውፍረቱ በተለመደው ልክ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በላዩ የተለጠፈው መዳብ ግን 0.035 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሠሪው በመጀመሪያ መስመሮቹን በወረቀት ወይም በኮምፒዩተር ይነድፋል። የቺፕ እግሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት 2.54 ሚሊሜትር ስለ ሆነ በንድፉ ላይ ያለው ልክ ፍጹም መሆን አለበት። 24 እግር ባለው ቺፕ በአንዱ ወገን ከመጀመሪያው እግር እስከ መጨረሻው 27.94 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ንድፉ ሲታተም ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ቢያንስ የመጨረሻው እግር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከቀዳዳው ይስታል። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ መዳቡን ከመንካቱ በፊት ንድፉን በወረቀት አትሞ ቺፑን በላዩ ያስቀምጣል፤ እግሮቹ ሁሉ በክቦቹ ላይ ማረፋቸውንም ያያል።

ንድፉን ወደ መዳቡ ለማሻገር ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ በሌዘር ማተሚያና በልብስ ካውያ ነው። የሌዘር ማተሚያ ቀለም ቶነር የተባለ የፕላስቲክ ዱቄት ስለ ሆነ ሲሞቅ ይቀልጣል። ንድፉ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል፤ መዳቡ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይወለወላል፤ ቅባትና የእጅ ላብ እንዳይቀርበትም በአሴቶን ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በመዳቡ ላይ ተደርጎ በጋለ ካውያ ለጥቂት ደቂቃ ይተኰሳል። በውኃ ሲነከርም ወረቀቱ ይለቃል፤ ቀለሙ ግን በመዳቡ ላይ ይቀራል። ንድፉን መገልበጥ የረሳ ሰው መስመሮቹ ሁሉ የተገላበጡበትን ሠሌዳ ያገኛል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች በንድፉ ጥግ ፊደል ይጽፋሉ። ፊደሉ በመዳቡ ላይ በትክክል ከተነበበ ሥራው ቀና ነው፤ ተገልብጦ ከታየ ግን አሲድ ሳይባክን ተፍቆ እንደገና ይጀመራል።

ቀጥሎ የመብላቱ ሥራ ይመጣል። ሠሌዳው ፌሪክ ክሎራይድ በተባለው ቡናማ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ፈሳሹ ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ ይበላል፤ ቀለም ያለበትን ይተዋል። ፈሳሹ ለብ ያለ እንደ ሆነ ሥራው ይፈጥናል፤ ዕቃውም ቀስ እየተባለ መወዝወዝ አለበት። ነገር ግን ሠሪው ዐይኑን ከሠሌዳው ማንሣት አይገባውም፤ ፈሳሹ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከቀለሙ ሥር ወደ ጎንም ስለሚበላ፣ ብዙ የቈየ ሠሌዳ ቀጫጭን መስመሮቹ ይበጠሳሉ። መዳቡ ሁሉ በተበላበት ሰዓት ሠሌዳው ወጥቶ በውኃ ይታጠባል፤ ቀለሙም በአሴቶን ሲነሣ ንጹሕ የመዳብ መስመር ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሠሪው ትዕግሥት የሚፈተንበት የመብሳት ሥራ ይቀራል። ከላይ የተነገረው ትንሽ ሠሌዳ እንኳ ለሁለቱ ቺፖች እግር 24ና 28፣ በድምሩ 52 ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ለሙሉ ኮምፒዩተር የሚሆን ሠሌዳ ግን ብዙ መቶ ቀዳዳ ይጠይቃል። ለቺፕ እግር 0.8 ሚሊሜትር፣ ወፈር ላለው መሰኪያ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ፑንታ ይበቃል። የመዳቡ ክብ 1.8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 0.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ በመካከሉ ሲበሳ በዙሪያው የሚቀረው ግማሽ ሚሊሜትር ነው። እጅ በግማሽ ሚሊሜትር ቢስት ክቡ ይቈረጣል፤ ብየዳውም የሚይዘው ነገር ያጣል።

ይህን ለመከላከል ሠሪዎች ገና በንድፉ ላይ በእያንዳንዱ ክብ መካከል እንደ ነጥብ ያለች ባዶ ስፍራ ይተዋሉ። በዚያች ነጥብ ላይ ያለው መዳብ ስለሚበላ ጥቃቅን ጕድጓድ ትሆናለች፤ የፑንታው ጫፍም እዚያ ሲያርፍ የመዳቡ ጠርዝ ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የፑንታውም ዓይነት የሚታሰብበት ነው። ተራው የብረት ፑንታ በብርጭቆው ክር ምክንያት ቶሎ ይደንዛል፤ የደነዘ ፑንታ ደግሞ መዳቡን ከሠሌዳው ያነሣዋል። ተንግስተን ካርባይድ ከተባለው ማዕድን የተሠራው ፑንታ ስለቱ ብዙ ይቈያል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለ ሆነ እጅ ትንሽ ቢያዘነብል ወዲያው ይሰበራል። ስለዚህ ካርባይድ የሚጠቀም ሰው መሰርሰሪያውን በእጁ ይዞ አይበሳም፤ ቀጥ ብሎ በሚወጣና በሚወርድ ማቆሚያ ላይ አስሮ ይበሳል። መሰርሰሪያውም በደቂቃ ከ10 ሺሕ ጊዜ በላይ የሚዞር ቢሆን መልካም ነው፤ ቀጭን ፑንታ በዝግታ ሲዞርና በኀይል ሲጫኑት ይሰበራልና። ከሠሌዳው ሥር ለስላሳ እንጨት ይደረጋል፤ ፑንታው ሲወጣ የጀርባውን ወገን እንዳይፈነቅለው ማለት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሠሌዳው ወደ ብርሃን ይያዛል። መዳብ የሌለበት ስፍራ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቀዳዳዎቹ እንደ ከዋክብት ይታያሉ፤ የተረሳው ቀዳዳም ጨለማ ሆኖ ይገለጣል። ከዚያም የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ መስመሮቹም አንድ በአንድ በቴስተር ይመረመራሉ። መገናኘት የሚገባቸው መገናኘታቸው፣ መለያየት የሚገባቸውም መለያየታቸው ሳይረጋገጥ ቺፕ አይገባም። በፋብሪካ የሚሠራው ሠሌዳ የቀዳዳው ውስጥ ሁሉ በመዳብ የተለበጠ ስለ ሆነ የላዩንና የታቹን መስመር ያገናኛል፤ በቤት የሚሠራው ግን ይህ የለውም። ስለዚህ በሁለት ወገን መስመር ያለው ሠሌዳ ሲሠራ በቀዳዳው አጭር ሽቦ አሳልፎ ከላይም ከታችም መበየድ ግድ ይሆናል። የጋላክሲያ ሠሌዳ መስመሩ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ላይ ይታወቃል።

በዚህ ሥራ ላይ ጥንቃቄን መናቅ ትልቅ ጥፋት ነው። ሲበሳ የሚወጣው ትቢያ የብርጭቆ ደቃቅ ስለ ሆነ ሳንባን ይጐዳል፤ የተሰበረ ፑንታም እንደ መርፌ ተወርውሮ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብልና የዐይን መከለያ መነጽር ማድረግ ያስፈልጋል። ፌሪክ ክሎራይድ ልብስንና ቆዳን ያጐድፋል፤ ብረትንም ስለሚበላ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ እንጂ በብረት ዕቃ አይቀመጥም። አንዳንድ ሰዎች በምትኩ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለው ይጠቀማሉ፤ ይህ ግን መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሊሠራ አይገባም። ከሥራው በኋላ የሚተርፈው ፈሳሽ መዳብ የሟሟበት በመሆኑ በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረቶች መርዝ ነው፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ሊደፋ አይገባውም። ለምግብ የሚሆን ዕቃም ለዚህ ሥራ አንድ ጊዜ ከዋለ ወደ ማእድ ቤት አይመለስም።

አንዳንድ ሰው ግን፥ «ዛሬ ፋብሪካዎች ከንድፉ ላይ ሠሌዳውን በጥቂት ገንዘብ ሠርተው ይልካሉ፤ ቀዳዳውም የተለበጠ፣ መስመሩም የጠራ ነው፤ ታዲያ በአሲድና በመሰርሰሪያ መድከም ለምንድን ነው?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው። በእውነቱ ብዙ ቍጥር ያለው ወይም መስመሩ እጅግ የተወሳሰበ ሠሌዳ ሲፈለግ ወደ ፋብሪካ መላክ ይሻላል፤ በእጅ መሥራት ክብር ነው ተብሎ ጊዜን ማባከን ጥበብ አይደለም። ነገር ግን ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ዕቃው እስኪደርስ ቀን ያልፋል፤ ለመላኪያውም የውጭ ገንዘብ ያስፈልጋል። በቤት የሚሠራው ሠሌዳ ግን ጧት ተነድፎ ማታ ይበየዳል፤ ስሕተት ቢገኝበትም በማግሥቱ ታርሞ ይሠራል።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ሠሌዳውን በእጁ የሠራ ሰው መስመሩን ሁሉ ያውቀዋል። ኤሌክትሪኩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የትኛው እግር ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር፣ ብልሽትም ቢነሣ ከየት እንደሚፈለግ በዐይኑ አይቶታል፤ በጣቱም ዳስሶታል። በቴስተር ጫፍ አንድ በአንድ የመረመረውን መንገድ ከመጽሐፍ ብቻ ያነበበው ሰው እንደ እርሱ አያውቀውም። አሮጌዎቹም ኮምፒዩተሮች ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው፤ ክፍሎቻቸው ትልልቅና የሚቈጠሩ፣ መስመሮቻቸውም በዐይን የሚታዩ ናቸውና። የዛሬው ስልክ ግን ክፍሎቹ ከዐይን የረቀቁ በመሆናቸው ባለቤቱ ከውጭው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሲበላሽም ወደ ሌላ ሰው ከመውሰድ በቀር ምርጫ የለውም።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንደሚባለው ሁሉ፣ የመኪና ምስጢር የሚገለጠው ለሚሠራው ሰው ነው። ዩጎዝላቪያውያን በገንዘብ ሊገዙት ያልተፈቀደላቸውን ነገር በመዳብ፣ በአሲድና በፑንታ አገኙት፤ ያገኙትንም ዕውቀት ከአገሪቱ መከፋፈል ጋር አልጣሉትም። ወጣቶችም ይህን አይተው፣ የተበላሸ ራዲዮም ሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር በእጃቸው ሲገባ፣ ከመጣላቸው በፊት ቢከፍቱትና ውስጡን ቢመረምሩት መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን መብራት አብርቶ የሚያጠፋ አንዲት ትንሽ ሠሌዳ መሥራት ይበቃል፤ ጥቂት ቀዳዳዎችን አሳምሮ የበሳ እጅ መቶውንም ለመብሳት አይሰንፍም። መምህራንና ወላጆችም የጭንብሉንና የመነጽሩን ነገር አጥብቀው እያስጠነቀቁ ይህን ሥራ ለልጆቻቸው ቢያሳዩ፣ ዕቃ ያልቃል፤ በእጅ የተማረ ዕውቀት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።